የእርጉዝ እናት ማዕድ ለልጇ የዕድሜ ልክ ስንቅ ነው

ሰብል በቡቃያነቱ ውሃ ካጠረው፣ ኋላ ዝናቡ ቢስተካከል እንኳ አገዳው እንደቀጨጨ፣ ፍሬውም እንደቀለለ መቅረቱን ገበሬ ሁሉ ያውቃል። ያረገዘች ላም በድርቅ ወራት መኖ ካጣች የምትወልደው ጥጃ ደካማ መሆኑም ከብት ላረባ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በሰው ልጅም ላይ ተመሳሳይ ነገር መኖሩን የሕክምና ሊቃውንት ባለፉት አምሳ ዓመታት ባካሄዱት ጥናት ደርሰውበታል። እናት በእርግዝናዋ ወራት የምትመገበው ምግብ የሕፃኑን የልደት ክብደት ብቻ የሚነካ አይደለም። ልጁ አድጎ አርባና አምሳ ዓመት ሲሞላው በስኳር በሽታ፣ በደም ግፊትና በልብ ሕመም የመያዝ ዕድሉን ከሚወስኑት ነገሮችም አንዱ ነው።

በዚህም ምክንያት ጉዳዩ የጤና ጣቢያ ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም። እርጉዝ እናት የምትበላው ነገር የሚወሰነው በጎተራው ባለው እህል፣ በቤተሰቡ የምግብ አከፋፈል፣ በሥራ ክፍፍልና በአካባቢው ልማድ ነው። እነዚህ አራቱም የገበሬ ማኅበር መሪዎች በየዕለቱ የሚያዩዋቸውና ቃላቸው የሚሰማባቸው ጉዳዮች ናቸው።

ከሆላንድ ረሀብ የተገኘ ማስረጃ

ለዚህ ዕውቀት ከፍተኛውን ማስረጃ ያስገኘው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ በሆላንድ የደረሰው ረሀብ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1944 የሆላንድ የባቡር ሠራተኞች የጀርመንን ወራሪ ጦር በመቃወም ሥራ አቆሙ። ወራሪው ጦርም በበቀል ወደ ምዕራብ ሆላንድ ከተሞች ምግብ እንዳይገባ አገደ። የብርዱ ወራት ሲገባ ለአንድ ሰው በቀን የሚታደለው ራሽን ከ1,000 ካሎሪ በታች ወረደ፤ በከፋው ጊዜ ከ400 እስከ 800 ካሎሪ ብቻ ነበር። ይህ አንድ ጤናማ ሰው በቀን ከሚያስፈልገው ሲሶውን እንኳ በቅጡ የማይሞላ ነው። ወደ 20,000 የሚጠጉ ሰዎች አለቁ። አገሪቱ በግንቦት 1945 ነፃ ስትወጣ ግን ምግብ ወዲያውኑ ገባ።

ይህን ረሀብ ከሌሎች የሚለየው መጀመሪያውና መጨረሻው በውል መታወቁ ነው። ስለዚህ አንድ ሕፃን ረሀቡ የደረሰበት በተፀነሰ ሰሞን፣ በእርግዝናው አጋማሽ ወይስ በመጨረሻው ወር መሆኑን ከልደት ቀኑ ማስላት ይቻላል። ተመራማሪዎች በአምስተርዳም ከተማ በአንድ ሆስፒታል መዝገብ ላይ የሰፈሩ ከ2,400 በላይ ሕፃናትን ስም አወጡና አምሳ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ብዙዎቹን ፈልገው መረመሩ።

ውጤቱ ከተጠበቀው በላይ ነበር። በማኅፀን ሳሉ ረሀብ ያገኛቸው ሰዎች፣ ይልቁንም በእርግዝናው አጋማሽና መጨረሻ የተራቡት፣ በደማቸው ውስጥ ያለውን ስኳር የመቆጣጠር አቅማቸው ደካማ ሆኖ ተገኘ። በእርግዝናው መጀመሪያ የተራቡት ደግሞ፣ ኋላ እናቶቻቸው ምግብ ስላገኙ ሲወለዱ ክብደታቸው ደኅና ነበር። ሆኖም በጎልማሳነታቸው የልብ የደም ሥር በሽታና የደም ቅባት መዛባት በዛባቸው፤ ከሴቶቹም ብዙዎቹ ከመጠን በላይ ወፈሩ። ሕፃኑ ሲወለድ ደኅና ክብደት አለው ማለት እናቱ በእርግዝናዋ አልተጎዳችም ማለት አለመሆኑን ይህ ያስረዳል።

በእንግሊዝ አገርም ከዚሁ ጋር የሚገጥም ነገር ታይቷል። በሃርትፎርድሺር አውራጃ ከ1911 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዋላጆች የእያንዳንዱን ሕፃን የልደት ክብደትና የአንድ ዓመት ክብደት በመዝገብ ያሰፍሩ ነበር። ዴቪድ ባርከር የተባሉት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ይህን አሮጌ መዝገብ አውጥተው ሰዎቹ የደረሱበትን ሲያጣሩ፣ በሕፃንነታቸው ክብደታቸው ያነሰ ወንዶች ኋላ በልብ በሽታ ይበልጥ መሞታቸውን በ1989 እ.ኤ.አ. አስታወቁ። ሁለት ዓመት ቆይቶም ቀለው የተወለዱት ሰዎች በ64 ዓመታቸው ገደማ የስኳር በሽታ ይበልጥ እንደሚገኝባቸው ገለጹ። አንዲት አዋላጅ በጥንቃቄ የጻፈችው መዝገብ ከሰባ ዓመት በኋላ ለዓለም መድረሱ መዝገብ መያዝ ምን ያህል ዋጋ እንዳለውም ያሳያል።

ፅንሱ ለምን ይቆጥባል?

ፅንስ ምግቡን የሚያገኘው በእንግዴ ልጁ በኩል ከእናቱ ደም ነው። ምግቡ ሲያጥረው፣ ክረምቱን ለመሻገር እህሏን በስፍር እንደምታወጣ የቤት እመቤት፣ ያለውን ይቆጥባል። ቅድሚያውን ለአንጎሉ ይሰጣል፤ ከቆሽት፣ ከኩላሊት፣ ከጉበትና ከጡንቻ ይቀንሳል። ቆሽት የደም ስኳርን የሚያስተካክለውን ኢንሱሊን የሚያመነጭ ብልት ነው። በማኅፀን ሳለ በቅጡ ካላደገ ኋላ ሥራ ሲበዛበት ቶሎ ይደክማል። ኩላሊትም ደም የሚያጣሩ በአማካይ አንድ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ወንፊቶች አሉት። እነዚህ ከእርግዝናው 36ኛ ሳምንት ገደማ በኋላ አይጨመሩም። በቁጥር አንሰው የተፈጠሩለት ሰው የቀሩት ከአቅማቸው በላይ ስለሚሠሩ ለደም ግፊትና ለኩላሊት ሕመም ይጋለጣል።

በተጨማሪም ምግብ ማጣት ከወላጆች በሚወረሱት ዘረመሎች ላይ ምልክት ይተዋል። ዘረመሉ ራሱ አይለወጥም፤ የሚለወጠው የአሠራሩ ልክ ነው። በሆላንድ ረሀብ ወቅት በተፀነሱ ሰዎች ላይ ይህ ምልክት ከስልሳ ዓመት በኋላ እንኳ ሳይጠፋ መገኘቱ በ2008 እ.ኤ.አ. ታውቋል።

ቁጠባው በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ፅንሱን በሕይወት ለማቆየት የሚረዳ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ለጥቂት ምግብ የተሰናዳው ሰውነት ኋላ ብዙ ምግብ ሲያገኝ ነው። በዛሬዪቱ ሩሲያ በሌኒንግራድ ከተማ ከ1941 እስከ 1944 እ.ኤ.አ. በጠላት ከበባ ወቅት በማኅፀን የነበሩ ሰዎች ሲመረመሩ፣ በደም ስኳር ረገድ ከሌሎቹ የተለዩ ሆነው አልተገኙም። ለዚህ ከተሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ ከበባው ረጅም ስለነበረ ልጆቹ ከተወለዱም በኋላ በችግር ማደጋቸው፣ እንደ ሆላንድ ልጆችም በድንገት ወደ ጥጋብ አለመሸጋገራቸው ነው።

ይህ ነጥብ ለኢትዮጵያ ገጠር ትልቅ ትርጉም አለው። ዛሬ ከገጠር የሚወጣው ወጣት ከተማ ገብቶ ተቀምጦ ይሠራል፤ ዘይትና ስኳር የበዛበት ምግብ ይበላል፤ በእግሩ መሄድ ይቀንሳል። በችግር ወራት ተፀንሶ በከተማ ኑሮ የሚጎለምሰው ሰው አደጋው የሚያይልበት ነው።

የ1977 ልጆች

በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ የደረሰው ድርቅና ረሀብ የብዙ መቶ ሺህ ሰው ሕይወት አጥፍቷል። ከዚያ ተርፈው የተወለዱት ዛሬ የአርባ ዓመት ጎልማሶች ናቸው። በሰሜን ወሎ በራያ ቆቦ ወረዳ ወደ 440 የሚሆኑ ጎልማሶች የተካተቱበት ጥናት በ2020 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በረሀቡ ጊዜ በማኅፀን የነበሩት ከረሀቡ በኋላ ከተፀነሱት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ሐኪሞች ሜታቦሊክ ሲንድረም የሚሉት ችግር በርከት ብሎ ተገኘባቸው። ይህም የወገብ መስፋት፣ የደም ግፊት፣ የደም ስኳርና የደም ቅባት መዛባት በአንድ ሰው ላይ ተደራርበው ሲታዩ የሚሰጥ ስም ነው።

በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በረሀቡ ከፍተኛ ወቅት ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ዕድሜ የነበሩ ሕፃናት ጎልማሳ ሲሆኑ ከታላላቆቻቸው ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር አጥረው መገኘታቸውን፣ አንደኛ ደረጃ ትምህርት የመጨረስ ዕድላቸውም ማነሱን ገልጿል። እነዚህ ሁለት ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ ከፅንስ ጀምሮ እስከ ሁለት ዓመት ልደት ያሉት 1,000 ቀናት ለምን ልዩ ጥበቃ እንደሚሹ ግልጽ ይሆናል።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜን በጦርነቱ፣ በቦረናና በሶማሌ ደግሞ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ በመክሸፋቸው ብዙ እርጉዞች ተርበዋል። ያን ጊዜ የተፀነሱት ልጆች ገና ሕፃናት ስለሆኑ ሊረዱ የሚችሉበት ጊዜ አላለፈም።

ጋምቢያ ያሳየችው መፍትሔ

በምዕራብ አፍሪካ በምትገኘው በጋምቢያ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ ጎተራ የሚጎድልበትና የእርሻ ሥራ የሚበረታበት ነው። በዚያ አገር በ28 መንደሮች ለአምስት ዓመት በተካሄደ ሙከራ፣ ለእርጉዞች ከተቆላ ኦቾሎኒ፣ ከሩዝ ዱቄት፣ ከስኳርና ከኦቾሎኒ ዘይት የተጋገረ ብስኩት በየቀኑ ይታደል ነበር። በ1997 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት መሠረት በችግሩ ወራት የተወለዱት ሕፃናት ክብደት በአማካይ 201 ግራም ጨመረ። አዝመራ በተሰበሰበበት ወራት ግን ጭማሪው 94 ግራም ብቻ ነበር። ሞተው የሚወለዱና በተወለዱ ሰሞን የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥርም ቀነሰ።

ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛ፣ በመንደር ከሚገኝ እህል የተሠራ ተጨማሪ ምግብ ሕፃን ያድናል። ሁለተኛ፣ ምግቡ ከፍተኛውን ጥቅም የሚሰጠው በጎደለበት ወር ሲደርስ ነው።

የክረምቱን ወራት መቁጠር

በአብዛኛው የኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ያለፈው እህል የሚያልቅበት፣ አዲሱ ያልደረሰበት፣ አረሙ ደግሞ ጉልበት የሚጨርስበት ነው። በሌላ በኩል ሠርግ የሚበዛው በጥር ነው። በጥርና በየካቲት የፀነሰች ሙሽራ የምትወልደው በጥቅምትና በኅዳር ስለሚሆን፣ ፅንሱ ፈጥኖ የሚያድግባቸው የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት በቀጥታ ከችግሩ ወራት ጋር ይጋጠማሉ። በክረምቱ ውስጥ የፀነሰች ሴት ደግሞ የፅንሱ ብልቶች የሚፈጠሩበትን ጊዜ በባዶ ጎተራ ታሳልፈዋለች።

የሚያስፈልገው ተጨማሪ ምግብ ግን ብዙ አይደለም። እርጉዝ ሴት በመካከለኛዎቹ ሦስት ወራት ከወትሮው በላይ በቀን ወደ 300፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ወደ 450 ካሎሪ ያስፈልጋታል። አንድ መቶ ግራም የእህል ዱቄት 350 ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። ስሌቱ ሲሠራ በመካከለኛዎቹ ሦስት ወራት 8 ኪሎ፣ በመጨረሻዎቹ 12 ኪሎ፣ በጠቅላላው 20 ኪሎ እህል ይሆናል። ይህ የአንድ ኩንታል አንድ አምስተኛ ነው። አንድ ቤተሰብ አዝመራው በገባ ጊዜ 20 ኪሎ፣ ከዚያም ሲሶው ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ ወይም ምስር የሆነ እህል ለይቶ ቢያስቀምጥ፣ ለልጁ የማይጠፋ ርስት እንዳወረሰ ሊቆጥረው ይችላል።

ማዕዱ ምን ይሁን?

የጤና ባለሙያዎች ምክር ቀላል ነው፤ እርጉዝ በቀን አንድ ተጨማሪ ገበታ፣ የምታጠባ እናት ሁለት ተጨማሪ ገበታ ያስፈልጋቸዋል። ከእንጀራው ወይም ከቆጮው ጋር በየቀኑ የጥራጥሬ ወጥ፣ ጎመንን የመሰለ ቅጠል፣ ሲገኝም ዱባ፣ ካሮት ወይም ፍራፍሬ መኖር አለበት። ወተት፣ እንቁላልና አይብ ባለበት ቤት እርጉዟ መቅደም ይገባታል። እንቁላሉን ሁሉ ገበያ አውጥቶ ጨው መግዛት የሚጎዳው ማንን እንደሆነ ቤተሰቡ ሊያስብበት ይገባል። ጨው ሲገዛም አዮዲን ያለበት መሆን አለበት፤ በክዳን ዕቃ ተቀምጦ ወጡ ሊወጣ ሲል ቢጨመር አዮዲኑ አይባክንም። ቡናና ሻይ በምግብ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግዱ ከገበታ ማራቅ ይበጃል። ጠላና አረቄ ፅንስን ስለሚጎዱ ጨርሶ መተው አለባቸው።

በጤና ጣቢያ የሚሰጠው የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን በየቀኑ ሊዋጥ ይገባል። የክንዷ ዙሪያ ከ23 ሳንቲ ሜትር በታች የሆነ እርጉዝ የምግብ እጥረት ስላለባት ሳትዘገይ ወደ ጤና ኬላ መሄድ አለባት።

ምግብ ይጨመር ሲባል ግን ልክ የለውም ማለት አይደለም። ከመጠን በላይ መወፈርና በእርግዝና ጊዜ የሚከሰት የስኳር በሽታም ሕፃኑን ያለልክ ያገዝፈዋል፤ ኋላም ለዚያው በሽታ ያጋልጠዋል። ይህ ዛሬ በከተሞች እየታየ ያለ ችግር ነው።

መሻሻል ያለበት ልማድ

በብዙ አካባቢ እርጉዝ ሴት ወተት፣ እንቁላል ወይም ሙዝ እንዳትበላ ትከለከላለች። አንዳንዶች ነጩ ምግብ በሕፃኑ ገላ ላይ ይለጠፋል ይላሉ፤ ሌሎች ፅንሱ ገዝፎ ምጥ እንዳይበረታ ብለው ምግቧን ያስቀንሷታል። በሕፃኑ ገላ ላይ የሚታየው ነጭ ቅባት ግን በማኅፀን ውስጥ ቆዳውን የሚጠብቅ የተፈጥሮ ነገር እንጂ ከወተት የመጣ አይደለም። የምጡ ፍርሃት በእርግጥ መሠረት አለው፤ ሐኪም በሌለበት ቦታ የከበደ ምጥ ገዳይ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ በጤና ጣቢያ መውለድ እንጂ ፅንሱን ማስራብ አይደለም። የተራበች እናት ለምጥ የሚሆን ጉልበትም አይኖራትም።

በጾም ረገድም ሃይማኖቶቹ ለእርጉዝ ርኅራኄ አላቸው። ክርስቲያኗ የንስሐ አባቷን አማክራ ጾሙ ሊቀልላት ይችላል። ሙስሊሟም ለራሷ ወይም ለፅንሷ ከሰጋች በረመዳን እንዳትጾም ተፈቅዶላታል። ይህን ቄሱና ሼሁ በአደባባይ ሲናገሩት ሴቲቱ ያለኀፍረት ትቀበለዋለች።

የማኅበር መሪዎች ድርሻ

በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ መቶ ሕፃናት 38ቱ በምግብ እጥረት የቀጨጩ ነበሩ። በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማስወገድ ያለመ ነው። ዕቅዱ ከወረቀት ወደ ጓዳ የሚወርደው ግን በየቀበሌው በሚሠራው ሥራ ነው።

የማኅበር መሪዎች በመጀመሪያ የእርጉዞችን ቁጥርና የሚወልዱበትን ወር ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ሆነው መያዝ ይችላሉ። በሐምሌ፣ በነሐሴና በመስከረም የመጨረሻ ወራቸው የሚገጥማቸው የትኞቹ እንደሆኑ ከታወቀ እርዳታው ለማን መቅደም እንዳለበት ይለያል። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ጎተራ ካለውም ለእያንዳንዷ 20 ኪሎ እህል በብድር ሊያስቀምጥና አዝመራ ሲገባ ሊያስመልስ ይችላል።

ሁለተኛው የሥራ ጉዳይ ነው። ምግብ ተጨምሮላት ውሃ ከሩቅ የምትቀዳ፣ እንጨት የምትሸከምና ሙሉ ቀን አረም የምታርም እርጉዝ፣ የጨመረችው ምግብ በድካም ያልቃል። ስለዚህ ደቦ ሲጠራ ለእርጉዝ ቤት ማሳ ቅድሚያ መስጠት፣ ባሎችም ውሃውንና እንጨቱን እንዲያግዙ ማስተማር ያስፈልጋል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም እርጉዞች ከጉልበት ሥራ ነፃ ሆነው ድጋፉን እንዲያገኙ ይደነግጋል። አንዲት እርጉዝ ይህን ሳታውቅ ድንጋይ ስትሸከም የታየች እንደሆነ መብቷን ሊነግራት የሚገባው የቀበሌው መሪ ነው።

ሦስተኛው በገበታ ዙሪያ ነው። በቅድሚያ አባወራው፣ ቀጥሎ ልጆች፣ በመጨረሻ እናት የሚበሉበት ልማድ በእርግዝና ወቅት እንዲቀየር መሪው ከራሱ ቤት መጀመር ይኖርበታል። በስብሰባ ከሚነገር ምክር ይልቅ ጎረቤት የሚያየው ሥራ ያስተምራል።

በረሀብ ዘመን የተፀነሱት ጎልማሶችም ሊረሱ አይገባም። በማኅፀን የደረሰው ጉዳት አደጋውን ይጨምራል እንጂ ዕጣ ፈንታን አይቆርጥም። የደም ግፊትና የደም ስኳር በጊዜው ቢለካ፣ ጨውና ስኳር ቢቀነስ፣ ሰውነትም በሥራ ቢንቀሳቀስ ብዙው በሽታ ይገታል። የአርባ ዓመት ሰው ሳይታመም መለካት አለበት።

በ1977 ዓ.ም. ለእርጉዞች ሊደረግ ይገባ የነበረው ዛሬ ተመልሶ ሊደረግ አይችልም። በመጪው ክረምት ለሚያምጡት ግን ገና ጊዜ አለ። ጊዜው የሚጀምረው እህሉ ከአውድማ ወደ ጎተራ በሚገባበት ዕለት፣ 20 ኪሎው ሳይሸጥ ተለይቶ ሲቀመጥ ነው።